«የጊዜ ማሽን» በኮሜዲ፣ በሦስት ተዋናይ፦ ሰባቱ የእራት ሰዎች፣ በጀርባ የምትሄደው ሠራተኛና የማሽኑ ጎማ

ጥቁር መጋረጃ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የእንግሊዛዊውን ደራሲ የኤች ጂ ዌልስን ልቦለድ «የጊዜ ማሽን» በኮሜዲ መልክ ለመድረክ እያዘጋጀን ነው። ሦስት ተዋንያን፣ 75 ደቂቃ፣ ያለ ዕረፍት። ታሪኩን ወደ አገር ቤት አላመጣነውም፤ ታሪኩ የሚፈጸምበት ሪችመንድ ሪችመንድ ነው፣ ዘመኑም የ1890ዎቹ እንግሊዝ። የአዳራሹ መድረክ 7 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ጥልቀት አለው፣ በየጎኑ 1.5 ሜትር መደበቂያ። ከላይ ምንም ማንጠልጠል አይቻልም። ያለን መብራት 8 ኤልኢዲ ፓርና 4 አሮጌ ባለ 1000 ዋት ነው፤ አንድ የጭስ ማሽንም አለ።

መጽሐፉ ሲከፈት ሐሙስ ማታ ሰባት ሰው ተሰብስቧል፦ የጊዜ ተጓዡ፣ ተራኪው፣ ፊልቢ፣ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ከንቲባውና አፍላው ወጣት። እኛ ሦስት ነን። ቀጥሎ የቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ዋቼት አለች፤ ማሽኑ ሲነሳ ላቦራቶሪውን እንደ ሮኬት ታቋርጣለች፣ ሲመለስ ያንኑ በጀርባዋ ትሄዳለች። ለመድረክ ኮሜዲ ከዚህ የተሻለ ቦታ መጽሐፉ ውስጥ ስለሌለ መጣል አንፈልግም፤ ግን ልምምድ ላይ ማንም አይስቅም። ማሽኑስ ከምን ይሠራ? ጎማ ይኑረው አይኑረው የሚለው ብቻውን ቡድኑን ለሁለት ከፍሎታል። የሞርሎኮቹን (በሩቁ ዘመን ከመሬት በታች የሚኖሩትን ፍጡራን) ጨለማ ደግሞ እንዴት እናድርገው? የምታውቁ አካፍሉን።

ሐሙስ ማታ፦
ከእንግዶቹ ልጀምር። ሰባቱ ውስጥ ስም ያለው ፊልቢ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሚጠሩት በሙያቸው ወይም በዕድሜያቸው ነው። ይህ ለእናንተ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሙያ በአንድ ዕቃ ይታያላ። ለሐኪሙ የልብ ማዳመጫ፣ ለከንቲባው ወርቅማ ሰንሰለት፣ ለሥነ ልቦና ባለሙያው መነጽር፣ ለወጣቱ አልበራ ያለው ሲጋር ይበቃል (ሲጋሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ዌልስ ራሱ ልጁን በፋኖሱ ሲጋር ለመለኮስ ሲታገል ነው የሚያሳየን)። ፊልቢ ቀይ ፀጉር ያለው ተከራካሪ ነው፤ ቀይ ዊግ ያለበት ቆብ አድርጉለት።

አከፋፈሉ ቀላል ነው። የጊዜ ተጓዡን የሚጫወተው ሰው ፈጽሞ አይቀየርም። የቀሩት ሁለት ተዋንያን ሦስት ሦስት ይይዛሉ፤ ስድስትና አንድ ሰባት። ሰባት ወንበር አትደርድሩ፤ መድረኩ አይችለውም፣ ባዶ ወንበርም ሳቅ ይገድላል። ሦስት ወንበርና አንድ የኮት መስቀያ። ዕቃው መስቀያው ላይ ካለ ሰውየው ክፍሉ ውስጥ አለ፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል ማለት ነው። ይህን ሕግ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አንድ ቅያሪ በጣም በዝግታ በማድረግ አስተምሯቸው። ተዋናዩ ማዳመጫውን ያውልቅ፣ ይስቀል፣ ሰንሰለቱን ያጥልቅ፣ ይቀመጥ፣ ከዚያ ብቻ ይናገር። ተመልካቹ ሕጉን ከያዘ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል አፍጥኑት። አንዱ ተዋናይ ከራሱ ጋር የሚከራከርበትን ቦታ (ፊልቢና የሥነ ልቦና ባለሙያው) ለስድስተኛው ደቂቃ አስቀምጡት፤ መጀመሪያ ላይ ካመጣችሁት ግራ መጋባት ነው የሚሆነው።

በሁለተኛው ሐሙስ ደግሞ ፊልቢ፣ ከንቲባውና ወጣቱ የሉም። በምትካቸው የጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጋዜጠኛውና አንድ ጢማም ዓይን አፋር ሰው ይመጣሉ። ሦስት ወጥቶ ሦስት ገባ፣ ሒሳቡ ያው ስድስት ነው። ጢማሙ ሰውዬ በመጽሐፉ መሠረት ምሽቱን ሙሉ አፉን አልከፈተም። ስለዚህ ተዋናይ አያስፈልገውም፤ ጢሙን መስቀያው ላይ ስቀሉት፣ ሁሉም አልፎ አልፎ ዞር እያሉ በትሕትና «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ይበሉት። ሦስት ጊዜ ይበቃል፣ አራተኛው ይሰለቻል።

ቀይ ክር፦
ሐሙስ ማታ ያለው ልክ ነው፤ የልብሱን ነገር ልጨምር። ቆብ ለመቀየር 1 ሴኮንድ፣ ኮት ለመቀየር 6 ሴኮንድ፣ የወይዘሮ ዋቼትን ቀሚስ ያለ ረዳት ለማጥለቅ 20 ሴኮንድ ገደማ ያስፈልጋል። ቃለ ተውኔቱን ስትጽፉ ይህንን ጎን ለጎን ያዙ፤ 20 ሴኮንድ ማለት ለሌላው ተዋናይ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው።

ኮትና ሸሚዝ ፊት ለፊቱን አንድ ላይ ሰፍታችሁ ከጀርባ የሚከፈት አድርጉት፤ እጅ ከፊት ገብቶ ጀርባ ላይ ይያያዛል። ቬልክሮ ሲላቀቅ ይጮኻል። ሳቅ ወይም ጫጫታ ያለበት ቦታ ላይ ግድ የለም፣ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ግን ማግኔት ይሻላል፤ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ማግኔቶች በጨርቅ ኪስ ተሰፍተው። ማግኔት ያለበትን ልብስ ግን የሐኪሙን ማዳመጫ ለሚያጠልቀው ተዋናይ አትስጡት፤ ብረቱ ማግኔቱ ላይ ሊጣበቅና ሲያወልቀው ኮቱን ይዞት ሊመጣ ይችላል።

ጢም በማጣበቂያ አትለጥፉ። የተዋናይ ፊት በ20 ደቂቃ ውስጥ ያልበዋል፣ ከዚያ በኋላ ጢሙ ሾርባ ውስጥ ነው። በጆሮ የሚንጠለጠል ቀጭን ላስቲክ ያለው ይሁን፤ ላስቲኩ ቢታይም ኮሜዲ ነው። ለእያንዳንዱ ተዋናይ ሁለት ሁለት የውስጥ ሸሚዝ አዘጋጁ።

ጥቁር መጋረጃ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጢሙን መስቀያ ላይ የመስቀሉን ነገር ዛሬውኑ እንሞክረዋለን። ወይዘሮ ዋቼትስ?

ጋሽ ፋኖስ፦
የኔ ልጅ፣ የማይሳቀው ተመልካቹ የሚያነጻጽረው ስለሌለው ነው። አንባቢ ወይዘሮ ዋቼትን ከማሽኑ ላይ ሆኖ ብቻ ነው የሚያያት፤ ለንባብ ይበቃል። ለመድረክ ግን ሦስት ጊዜ መታየት አለባት፦ በደንበኛ እርምጃ፣ በፍጥነት፣ በጀርባ።

ደንበኛው ማሽኑ ከመነሳቱ 3 ወይም 4 ደቂቃ ቀድሞ ይምጣ፤ ተራ የቤት ሥራ ይምሰል። በትሪ ሻይ ይዛ ትገባለች፣ መሃል ላይ ታስነጥሳለች፣ መሐረቧ ይወድቃል፣ አንስታ በአትክልቱ በር ትወጣለች። አራት ግልጽ ድርጊት። ከዚያ ከበዛ ተመልካች አይዘውም፣ ካነሰ ደግሞ ተገልብጦ ሲመጣ አይታወቅም። 12 ሴኮንድ ይፍጅ። በዚህ ጊዜ ሌላው ተዋናይ ምንም አስቂኝ ነገር አያድርግ፤ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ካልሆነ በኋላ የሚመጣው ሁለቱ ይከስራሉ።

ለጀርባው፦ ደንበኛውን በስልክ ቅረጹ፣ በማንኛውም ቪዲዮ ማረሚያ ገልብጡት፣ ተዋናይዋ ከተገለበጠው ላይ ታጥና። በራሷ አስተሳሰብ ልትገለብጠው ከሞከረች ሁልጊዜ የምትስተው ነገር አለ፤ ትከሻዋን አዙራ ወደምትሄድበት ታያለች። ፊቷ ወደ መጣችበት መሆን አለበት፣ ደረቷም በትንሹ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ምክንያቱም ወደ ፊት የሚሄድ ሰው እንደዚያ ነው። አቅጣጫዋን እንዳትስት ወለሉ ላይ ናስትሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርባችሁ ለጥፉ፤ ስስ ጫማ ካደረገች በእግሯ ታገኘዋለች። ቀሚሷ ከወለል 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አለዚያ በጀርባ ስትሄድ ጠርዙን ትረግጠዋለች። በሩን ከውስጥ ሌላ ሰው በሲባጎ ይክፈትላት፤ በኋላዋ ያለውን እጀታ በዳበሳ ከፈለገች ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

መሐረቡ ነው ጌጡ። ተገልብጦ ሲመጣ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ ራሱ ዘሎ እጇ ይገባል። ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ከመሐረቡ ጫፍ እሰሩ፤ በቀኝ እጅጌዋ ጠርዝ በተሰፋ ቀለበት አሳልፋችሁ ግራ እጇ ላይ ጨርሱት። ግራ እጇን ስትስብ ይዘላል። ክሩ ከፊት መብራት ስለሚያብረቀርቅ በዚያ ሰዓት ከጎን ብቻ አብሩ። ማስነጠሱም ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ጠረጋ፣ ከዚያ ጩኸት፣ መጨረሻ ላይ ያ ረጅም አየር መሳብ። ሻዩ በትሪው ላይ እውነተኛ አይሁን።

ቃል ካላት ፊደሉን ገልብጣ ትበለው፤ «ይፈልጋሉ» «ሉጋልፈይ» ይሆናል። በመሣሪያ የተገለበጠ እውነተኛ ድምፅ ጉርምርምታ ብቻ ነው፣ አይያዝም።

ባለ ቱቦላሬ፦
ጋሼ የፈጣኑን ነገር ለእኔ ትተውልኛል መሰለኝ። ሩጫ አይሆንም፤ የሚሮጥ ሰው የሚሮጥ ሰው ነው። መንሸራተት አለባት። 18 ሚሊ ኮምፖንሳቶ፣ 40 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ከሥሩ አራት ባለ 50 ሚሊ ጎማዎች። ጎማዎቹ የማይዞሩ ይሁኑ፣ ወለላቸውም ላስቲክ። የሚዞር ጎማ ሲነሳ ወደ ጎን ይመታል፤ ፕላስቲክ ደግሞ እንጨት መድረክ ላይ እንደ ባቡር ይጮኻል። ከፊትና ከኋላ 8 ሚሊ ገመድ፣ አንዱ ከቀኝ ይስባል፣ ሌላው ከግራ ፍሬን ይይዛል።

6 ሜትር በ3 ሴኮንድ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትፍጠኑ። የሚጎዳው ፍጥነቱ አይደለም፣ አነሳሱ ነው፤ ገመዱ በድንገት ከተወጠረ ተዋናይዋ በጀርባዋ ትወድቃለች። ገመዱን መጀመሪያ አጥብቁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ጀምራችሁ አፍጥኑ። አንድ እግሯ ቀድሞ፣ ጉልበቷ ታጥፎ። መውጫው ላይ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁሙ። እዚህ ላይ ቀሚሱ ሳንቃውን መሸፈን አለበት፤ ጋሼ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል ያሉት ከዚህ ጋር ይጋጫል። ጠርዙ ላይ ጥቁር ስስ ጨርቅ በቬልክሮ ጨምሩና ለጀርባው ጊዜ ይነቀል።

ማሽኑን በተመለከተ። 25 በ25 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ። ሦስት ዘንግ (18 ሜትር) ይበቃል፤ ሜትሩ 1.1 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ብረቱ ብቻ 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ከነመቀመጫውና ከነቸርኬው 30 ኪሎ። ርዝመቱ 160፣ ወርዱ 75 ሳንቲ ሜትር። ወርዱን ለጌጥ አታስፉት፣ የአዳራሽ በር አያስገባውም። መቀመጫው የብስክሌት ኮርቻ ይሁን፤ መጽሐፉም ኮርቻ ነው የሚለው። ከኋላ ባለ 26 ኢንች የብስክሌት ቸርኬ ከነሽቦው። ብዙ ሰው የኤልኢዲ ጥብጣቡን ቸርኬው ላይ ይለጥፋል፤ ሲሽከረከር ገመዱ ይጠመጠምና ይበጠሳል። ጥብጣቡ ከቸርኬው ጀርባ በቆመ ላሜራ ላይ ይለጠፍ፣ የሚሽከረከረው ቸርኬ ሽቦዎች ላይ ነጭ አንጸባራቂ ስኮች ይደረግ። 2 ሜትር ባለ 12 ቮልት ጥብጣብ 10 ዋት አካባቢ ይበላል፤ የዩፒኤስ ባትሪ፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት፣ ሁለት ትርዒት ሳይሞላ ይችላል። እኔ ግን ከእያንዳንዱ በፊት ሙሉት እላለሁ።

ጎማውን ከሥር 100 ሚሊ፣ ፍሬን ያላቸው አራት።

ሐሙስ ማታ፦
እዚህ ላይ ግን ልቃወም። ማሽኑ በጉዞ ጊዜ ፈጽሞ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። የመጽሐፉ መሠረታዊ ሐሳብ ይኸው ነው፦ ማሽኑ በጊዜ እንጂ በቦታ አይሄድም። በዓመት 802,701 ያለው ሣር ሜዳ የሪችመንዱ ላቦራቶሪ ወለል ነው። ጎማ ካለው ተዋንያኑ ይፈተናሉ፣ ማሽኑን እያሽከረከሩ መድረኩን መዞር ይጀምራሉ፣ ያን ጊዜ ትርዒቱ ስለ መኪና ይሆናል።

ባለ ቱቦላሬ፦
ወንድሜ፣ ሞርሎኮቹ ማሽኑን ጎትተው ስፊንክሱ (ሣር ሜዳው ላይ ያለው ትልቅ ነጭ ሐውልት) ሥር ሲያስገቡትስ? 30 ኪሎ ሁለት ሰው በጨለማ ተሸክሞ በ10 ሴኮንድ ይደብቀዋል? አንዱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ልብስ እየቀየረ ነው።

ሐሙስ ማታ፦
ያ አንድ ቦታ ልክ ነህ፣ እንዲያውም እዚያው ላይ ነው ሀብቱ ያለው። ማሽኑ የተነሳው ከላቦራቶሪው ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ነው፤ የተመለሰው ግን በሰሜን ምዕራብ፣ ግድግዳው ሥር። የሁለቱ ርቀት ሞርሎኮቹ ከሣር ሜዳው እስከ ስፊንክሱ መሠረት የጎተቱት ርቀት ነው፤ ዌልስ ይህን በግልጽ ይጽፈዋል። ስለዚህ የመድረካችሁን ሥዕል ከዚህ ተነስታችሁ አውጡት። መነሻው መድረክ ግራ ከፊት፣ ስፊንክሱ መድረክ ቀኝ ከኋላ። ጎማው ይኑር፣ ግን የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ፍሬኑ የተያዘ፣ ወለሉ ላይ በአራት ነጥብ ምልክት የተደረገበት። ሲመለስ ማሽኑ ቀኝ ከኋላ ቆሞ ይገኛል፣ ወይዘሮ ዋቼትም በጀርባ ስትመጣ በድሮው መንገዷ ላይ ማሽኑ ተገትሮ ታገኘዋለች። ሳታይ ዞር ብላ ታልፈዋለች፤ ተመልካቹ ለምን እዚያ እንዳለ ያውቃል፣ እሷ አታውቅም።

አንድ የነሐስ ዘንጉም ታጥፎ፣ የዝሆን ጥርሱ ተሰንጥቆ ነው የተመለሰው። የታጠፈውን ዘንግ ለብቻ ሠርታችሁ በጨለማው ተኩት።

ባለ ቱቦላሬ፦
በዚህ እስማማለሁ። እንግዲያው ሁለት ጎማ ብቻ ከኋላ፣ ከፊት ሁለት ላስቲክ እግር። እንደ ጋሪ ፊቱን አንስቶ የሚጎትት ካልሆነ አይንቀሳቀስም፤ ተዋናይ ተሳስቶም አይገፋውም።

ዘመን ቆጣሪ፦
ሌላው ቀርቶ ዓመተ ምሕረቱን አንሱ። 802,701 የፈረንጅ ነው። ተጓዡ ሲደርስ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የእኛ ተመልካች በልቡ ሰባት ስምንት መቀነስ ይጀምራል። ተራኪው «በኢትዮጵያ አቆጣጠር 802,693» ቢል አዳራሹ ይናጋል።

ቴምዝ ዳር፦
ሳቁ ይመጣል፣ ሒሳቡ ግን አይሆንም። የጎርጎርዮሱ አቆጣጠር በ400 ዓመት ሦስት ፌብሩዋሪ 29 ይዘላል፣ የእኛው ግን ጳጉሜ 6ን አይዘልም። በ800 ሺህ ዓመት 6,000 ቀን ገደማ ይለያያሉ፣ ይህም 16 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። ካለው ሰባትና ስምንት ጋር ሲደመር ልዩነቱ 24 ይደርሳል። 802,701 አብዛኛው ክፍሉ 802,677 ዓ.ም. ላይ ይውላል። እንቁጣጣሽም በእነሱ ሴፕቴምበር ሳይሆን ፌብሩዋሪ ላይ ይውላል።

ዘመን ቆጣሪ፦
ይህ ከቀልዱ ይበልጣል። ሁለት ተዋንያን ተራ በተራ ይከራከሩበት፤ አንዱ 693 ይበል፣ ሌላው ጣቱን እየቆጠረ 677። ኤሎዮቹ (ከመሬት በላይ የሚኖሩት የዚያ ዘመን ሰዎች) ምንም ሳይገባቸው በአበባ ያጨብጭቡ።

ጥቁር መጋረጃ፦
ታሪኩን እንግሊዝ ላይ ትተን ይህን ብናስገባ አይጋጭም?

ጋሽ ፋኖስ፦
ተዋንያኑ ከገጸ ባሕርያቸው ወጥተው ለተመልካቹ የሚናገሩበት ትርዒት ከሆነ አይጋጭም፤ ተጓዡ ከሆነ የሚናገረው ይጋጫል። አንዴ ብቻ ይሁን።

ቴምዝ ዳር፦
ሳልረሳው የመብቱን ነገር ልንገራችሁ፣ ማንም አላነሳውም። ልቦለዱ የወጣው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዌልስ ያረፈው በ1946። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው የደራሲው ዕድሜና 50 ዓመት ነውና በኢትዮጵያ ካበቃ ቆይቷል። እንግሊዝ ውስጥ ዕድሜና 70 ስለሆነ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አልቋል። ነገር ግን ስቲቨን ካኒና ጆን ኒኮልሰን የጻፉት፣ ኦሪጂናል ቲያትር የተባለው ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከተሞች ያዞረው የሦስት ተዋንያን ኮሜዲ አለ። እሱ የራሱ መብት ያለው አዲስ ሥራ ነው። እናንተም ሦስት ተዋናይ ናችሁ፣ እናንተም ኮሜዲ ናችሁ፤ ስለዚህ ከልቦለዱ በቀጥታ ሥሩ፣ የእነሱን ቪዲዮ እያያችሁ ቀልድ አትልቀሙ። እነሱ ተዋንያኑን በገዛ ስማቸው ያስገባሉ፣ የቡድን ታሪክ ይሆናል። የእናንተ ሐሙስ እራቱን የያዘ መሆኑ ራሱ ይለያችኋል። የልቦለዱ አማርኛ ትርጉም ከተጠቀማችሁ ደግሞ የተርጓሚው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁላችሁም ስለ ጎማ ታወራላችሁ፣ ተጓዡ የሚወዳጃትን ኤሎይ ዊናን ማንም አላነሳት። ኮሜዲ ነው ብላችሁ ወንድ ተዋናይ ፀጉር አድርጎ እየተቅለሰለሰ እንዳታመጡ። ልጅቷ በጫካው እሳት ትጠፋለች። እስከዚያ ሲሳቅባት የነበረች ገጸ ባሕርይ ስትጠፋ አዳራሹ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያፍራል፣ የቀረው 15 ደቂቃ አይነሳም።

ቀይ ክር፦
እና ማን ይጫወታት? ሦስት ነን እያሉ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወይዘሮ ዋቼትን የምትጫወተው። ልብስ ሳትቀይር ማለት ይቻላል፣ ሽርጡን ብቻ አውልቃ። ቃል አይኑራት። ሌሎቹ ኤሎዮች በሙሉ አስቂኝ ይሁኑ፣ ፍራፍሬ ይብሉ፣ ይሰልቹ፣ ይተኙ፤ እሷ ብቻ በቁም ነገር ትታይ። አበባዎቹ የግድ ያስፈልጋሉ፤ መጨረሻ ላይ ተጓዡ ከኪሱ ሁለት የጠወለጉ ነጭ አበቦች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ሐኪሙም ዘራቸውን መለየት ያቅተዋል። ለተመልካቹ ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። አበባውን ኪሱ ውስጥ ስትጨምር በግልጽ መታየት አለበት፤ ሁለት ሴኮንድ ማንም አይናገር። ትኩሱ ከጨርቅ፣ የጠወለገው ከስስ ወረቀት ሻይ ውስጥ ተነክሮ የደረቀ፤ የጠወለገው ከመጀመሪያው ጀምሮ በሌላኛው ኪስ ይቀመጥ። ቀይ ክር፣ ኮቱን ስትሰፊ ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ ያለውን ኪስ በክር ዝጊው፣ ተዋናይ በድንጋጤ ሁልጊዜ የተሳሳተውን ኪስ ነው የሚገባው።

ሐሙስ ማታ፦
ይህ ትክክል ነው። ኤሎዮቹ የሥራ ፈቶቹ መደብ ዘሮች ናቸው፣ ሞርሎኮቹ የሠራተኛው፤ ዌልስ በዘመኑ እንግሊዝ ላይ ነው የሚቀልደው። ኮሜዲ ስላደረጋችሁት ይህ አይጠፋም። በአገራችን የዘመናዊ ተውኔት መነሻ የሚባለው የተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ራሱ እየሣቀ ነው ሹማምንቱን የነካው። የእራቱ ሰዎች እነማን እንደሚያገለግሏቸው አንዴ እንኳ ዞር ብለው ካላዩ ነጥቡ ተመታ፤ ማንም ማብራራት የለበትም።

ጥቁር መጋረጃ፦
ትንሿ የማሽኑ ሞዴልስ? ጠረጴዛው ላይ ጠፍታ የምትሄደዋ።

ጋሽ ፋኖስ፦
ጠረጴዛው ላይ ቀዳዳና መክደኛ ያለው ሳጥን ብዙዎች ይሠራሉ፤ ይሠራል፣ ግን በሁለተኛው ትርዒት መክደኛው ይጣበቃል። ርካሹ መንገድ ዓይንን መውሰድ ነው። በመጽሐፉ ማንሻውን የሚነካው የሥነ ልቦና ባለሙያው የገዛ ጣት ነው፤ ተጓዡ እጁን ይዞ ይነካዋል። ነፋስ ይነሳል፣ አንድ ሻማ ይጠፋል። እናንተ የኤሌክትሪክ ሻማውን በስተቀኝ አጥፉ፤ ሦስቱም ተዋንያን በአንድ ጊዜ ወደ ሻማው ይዙሩ። የተመልካች ዓይን ከተዋናይ ዓይን ጋር ነው የሚሄደው። በዚያች ሴኮንድ ተጓዡ ሞዴሏን በሌላ እጁ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ጭኑ ላይ ኪስ ይጥላታል። ሞዴሏ ከ15 ሳንቲ ሜትር አትብለጥ፣ ከሥሯ ለስላሳ ጨርቅ ይለጠፍ፤ ከጮኸች አበቃ። ከዚያ የሥነ ልቦና ባለሙያው ጠረጴዛው ሥር ያያል፤ ይህም መጽሐፉ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ነው የሚሳቀው፣ ስትጠፋ አይደለም።

ለጉዞው የቀንና የሌሊት መፈራረቅ ባለ 1000 ዋቶቹን አትጠቀሙ። የአምፖሉ ክር ግሎ እስኪበርድ ጊዜ ይወስዳል፣ በፍጥነት ስታጠፋውና ስታበራው ሁልጊዜ ግማሽ ብርሃን ነው የሚሆነው። በኤልኢዲዎቹ ብቻ፤ ቀን ነጭ ከግራ፣ ሌሊት ሰማያዊ ከቀኝ። መጀመሪያ 2 ሴኮንድ፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ወደ አንድ የማይለወጥ ግራጫ ማለዳ ይዋሃዱ፤ በመጽሐፉም እንዲሁ ነው። በሴኮንድ ከ4 ብልጭታ እንዳያልፍ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አዳራሹ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ማስታወቂያም በሩ ላይ ይለጠፍ።

ባለ ቱቦላሬ፦
ማንሻዎቹ። ተጓዡ ፈትቶ ኪሱ ያስገባቸዋል፣ መጨረሻ ላይ በጨለማ ስፊንክሱ ውስጥ መልሶ ይገጥማቸዋል። እውነተኛ ቡሎን አታድርጉ፤ ስምንት ዙር መፍታት መድረክ ላይ ዘላለም ነው። 20 ሚሊ ቧንቧ 25 ሚሊ ቧንቧ ውስጥ የሚገባ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ማግኔት። የመፈታቱን ድምፅ ከድምፅ ክፍል ስጡት። ቧንቧው ሲሰካ ግፊት የሚጠይቅ ከሆነ በአሸዋ ወረቀት አስፉት፤ በጨለማ፣ ላብ ባለው እጅ፣ ጎረቤት ሞርሎክ ኮት እየጎተተ። የሰፊውን ቧንቧ አፍ ዙሪያ ነጭ ቀለም ቀቡት። ሁለት መጠባበቂያ ከማሽኑ ሥር ይታሰር።

ጥቁር መጋረጃ፦
የቀረን ጨለማው ነው። ሞርሎኮቹን ለመጫወት ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለን፣ ክብሪት መለኮስም አዳራሹ አይፈቅድም።

ጋሽ ፋኖስ፦
አለመፍቀዱ ደግ አደረገ። መጋረጃው እሳት እንዳይዘው ካልታከመ ጨርቅ ከሆነ እኔም አልፈቅድም።

ሞርሎኮቹን ሙሉ አታሳዩ። ዓይን ብቻ። በግንባር ማሰሪያ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀይ ኤልኢዲ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ባለ 3 ቮልት የሰዓት ባትሪ። ተዋናዩ አንድ ጥንድ ግንባሩ ላይ፣ አንድ አንድ ጥንድ በየእጁ በያዘው ዘንግ ላይ፤ አንድ ሰው ሦስት ሞርሎክ ሆነ፣ ሁለት ሰው ስድስት። አንዱ ጥንድ ዓይን ከሌላው በጣም ተራርቆ ሲንሳፈፍ ራሱ ያስቃል። ኤልኢዲውን በቀይ ናስትሮ አደብዝዙት፣ አለዚያ ፊቱን ያበራና ቀልዱ ይጋለጣል።

ክብሪቱ ሞቅ ያለ ነጭ ኤልኢዲ ነው፣ በጣት መሃል የሚያዝ፣ አውራ ጣት የሚጫነው ማብሪያ ያለው። ድምፁ ከእውነተኛ የክብሪት ቀፎ ይምጣ፤ ጎኑ ላይ ራስ የሌለው እንጨት መፋቅ ይበቃል። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ያልተነካ ቀልድ አለ፦ ስፊንክሱ ውስጥ ሲገባ እጁ ላይ የቀሩት ክብሪቶች ቀፎው ላይ ብቻ የሚለኮሱ ዓይነት ሆነው ተገኙ፣ ቀፎም የለው። ይህ እንዲያስቅ ቀፎውን ቀድሞ ሦስት ጊዜ እንየው። ከዚያ በጫካው ትርምስ አንድ ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጅ ከመጋረጃው ወጥቶ ቀስ ብሎ ቀፎውን ከኪሱ ይውሰደው። እጁ መውሰዱ የኔ ጭማሪ ነው፣ መጽሐፉ አይለውም፤ ግን ተመልካቹ ከተጓዡ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ከዚያ በጫማው ሥር፣ በማሽኑ ላይ፣ በአንዱ ሞርሎክ ግንባር ላይ ይፋቅ።

ቀይ ክር፦
ጋሼ፣ መብራት ቢሄድስ? ማለቴ እውነተኛው።

ጋሽ ፋኖስ፦
እሱን ነው ልጽፍ የነበረው። በዚህ ትርዒት መብራት ሲሄድ ተመልካቹ ሞርሎክ ይጠብቃል እንጂ አይነሳም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው፣ ተዋንያኑም ሳይገባቸው ይቀራል። ምልክት ይኑራችሁ። የማሽኑ ቸርኬ ብርሃን በባትሪ ስለሆነ አይጠፋም፤ ማንም ሰው ወደ እሱ ይሂድ፣ ሦስቱም እዚያ ይሰብሰቡ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ከሐሙስ እራት የቀረ ክርክር ይቀጥሉ። ለዚህ የሚሆን አንድ ደቂቃ ቃል ጽፋችሁ ተለማመዱት። የመብራት መቆጣጠሪያውን በትንሽ ዩፒኤስ ላይ አድርጉት፤ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ከመጀመሪያው ትዕይንት ይነሳና የእራቱ ብርሃን ስፊንክሱ ላይ ይበራል። ለዓይኖቹ የሰዓት ባትሪ በየትርዒቱ ቀይሩ፣ ለማሽኑ ባትሪ ደግሞ ከመከፈቱ በፊት ቮልቱን ለኩ፤ ሳይሠራ ቆይቶ ከ12.4 በታች ካሳየ አትጠቀሙበት።

ባለ ቱቦላሬ፦
ለኪውን ከማሽኑ ኮርቻ ሥር እሰሩት፣ ሰው ከረሳው እዚያው ያየዋል።

ጥቁር መጋረጃ፦
ቱቦላሬውን ነገ እንገዛለን። ባለ ቱቦላሬ፣ የኋላ ሁለቱ ጎማዎችም 100 ሚሊ ይሁኑ ወይስ ፊቱ ሲነሳ እንዳይነካካ ከፍ ይበሉ?

ባለ ቱቦላሬ፦
100 ይበቃል። የፊት እግሮቹን ግን 10 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን እንደ ጎማው ሙሉ ቁመት፣ ከነማያያዣው ለክተሽ ቁረጪ፤ ማያያዣው ብቻ 3 ሳንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል፣ ሳይታሰብ ቀርቶ ነው ማሽኑ ወደ ፊት የሚያዘነብለው።